የሆሳዕናው ጃፓን

ከተማ ያለ መብራት ይኖራል፤ ያለ ድልድይም ሲኖር አይተናል። ያለ አንድ ጃፓን ግን ኖሮ አያውቅም። ጃፓን ስል ደሴቷን አይደለም፤ ሰውዬውን ነው። በየከተማው አለ። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ኪሱ በአሮጌ ጋዜጣ አብጧል። ስለ ዝናብ ብታነሱ፣ ስለ በሬ ብታነሱ፣ ስለ ጥርስ ሕመም ብታነሱ አንገቱን ቀና አድርጎ «ጃፓን እኮ…» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ትኩስ ሻይ የሚባል ነገር የለም።

የሆሳዕናው ጃፓን አቶ ጠና ይባል ነበር። ስሙም ጠና፣ ዕድሜውም ጠና፣ ነገሩም ከዓመት ዓመት እየጠና የሄደ መምህር ነው። ይህችን ቀልድ የፈጠራት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ወንዳፈረው ነው። የወንዳፈረው አባት ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን በሆሳዕና ተወልዶ በማኅተምና በቀልድ ይኖር ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባለው የወይዘሮ አሰገደች ሻይ ቤት ከጠና ፊት ለፊት ተቀምጦ መሳቅን እንደ ሁለተኛ ሥራ ይዞታል። ደመወዝ የለውም፤ ቢሆንም አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

የጠና በሽታ የጀመረው በስኳር ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ባለቤቱ ጵርስቅላ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ስኳር ይዛ ከገበያ ገባች። ጠና ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጦ ወረቀቱን አነበበ። ስለ አንድ የጃፓን ሰው የተጻፈ ነበር። ሰውዬው ድሮ፣ አገሩ ገና ዓይኗን ስትገልጥ፣ ጋዜጠኛ ነበር። ሹማምንቱን ተችቶ ታሰረ። ሲፈታ በጋዜጣ መናገር ቢከለክሉት በልብ ወለድ መናገር ጀመረ፤ ኋላም ሕዝቡ መርጦ ምክር ቤት አስገባው። ስሙ ላይ የባለሱቁ መቀስ አልፎበታል። የተረፈችው የመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ናት፤ «…ሞቶ»።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠና በሆሳዕና የጃፓን ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፤ የሾመውም ራሱ ነው። እንሰት ሲያይ ያዝናል። ጃፓን እኮ ይህ ተክል ቢኖራት ከቃጫው ወረቀት ሠርታ፣ ከቆጮው ብስኩት ጋግራ ለዓለም ትሸጥ ነበር ይላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የለቅሶን ቀን ስለ ማሳጠር ንግግር ያደርጋል፤ ሟቹ የእሱ ዘመድ ቢሆንም አይተውም። ጵርስቅላ ብቻ ናት የምታቆመው። ጃፓን ጣሪያ አያፈስም ወይ ብላ ስትጠይቀው ሄዶ ባልዲ ያመጣል።

ያንን የጃፓን ጋዜጠኛ መሆን ፈለገና ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆነ። ስለ ጭሰኛው፣ ስለ መንገዱ፣ ሐኪም ስለሌለው ሆስፒታል ገጽ በገጽ እየጻፈ ይልካል። ከሳምንታት በኋላ ጋዜጣው ሲደርስ ከዚያ ሁሉ የተረፈችው አንዲት መስመር ትሆናለች፤ በከምባታ አውራጃ የዘንድሮው ዝናብ መልካም መሆኑን ዘጋቢያችን ገልጸዋል የምትል። ያን ዓመት ዝናብ አልነበረም።

ጋዜጣው እምቢ ሲለው ልብ ወለድ ጀመረ። አንድ ቀን ታትሞ፣ የቀለሙ ጠረን ሳይለቀው፣ እጁ ላይ እንዲያርፍ ያለመው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ሳንሱር እንዳይነካው ታሪኩን ጃፓን ውስጥ አደረገው። ስለ ጃፓን የሚያውቀው ግን ያቺን ቁራጭ ብቻ ስለሆነ፣ የጠና ጃፓኖች ቆጮ በጎመን ይበላሉ፣ ለያሆዴ በዓል በሬ ያርዳሉ፣ በሆሳዕና አጠገብ ያለውን የጊምቢቹን ገበያ በሚመስል ስፍራ በቅቤ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። ለስማቸው ዘዴ አላጣም። የሚያውቀውን ሰው ስም ይወስድና መጨረሻው ላይ «ሞቶ» ይቀጥልበታል። ድሃው ገበሬ ባፈናሞቶ ነው። ድሃውን መድረሻ የሚያሳጣው ባለርስት ደግሞ ዳኘሞቶ ነው።

ወንዳፈረው ይህን ሲሰማ ሳቁን ዋጠ። ግራዝማች ዳኘ በጊምቢቹ በኩል ዓይን የደረሰበት መሬት ሁሉ የእሳቸው የሆነ ሰው ናቸው። ያውቁብሃል ብሎ ቢመክረው፣ ሞቶ ከተጨመረበት ማን ያውቀዋል ብሎ መለሰለት።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠና ሻይ ቤቱ መካከል ቆሞ አዲሱን ምዕራፍ አነበበ። በታሪኩ ባለርስቱ ግብር ሊጨምር ሰዎቹን ይጠራል። ጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዳኘሞቶ ጭሰኞቹን ሁሉ ወደ ግቢው ሰበሰበ» ሲል፣ ጨው ሊገዛ የመጣ የግራዝማች ጭሰኛ በበሩ ያልፍ ነበር። የሰማት ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሰውዬው በትክክል ሰምቷል፤ አማርኛው ምንም አልጎደለውም፤ የተሳሳተው ጃፓንኛው ነው። ጨውንም ረስቶ ወደ ጊምቢቹ ገሰገሰ።

በማግስቱ ጠዋት ግራዝማች በረንዳቸው ላይ ጢማቸውን ሲላጩ ለቀስተኛው በአጥሩ በር ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሟች ጢሙን ሲላጭ አይተው አያውቁምና ባሉበት ቀሩ። ዋይታው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና ጎንበስ አሉና፣ ታዲያ የመሬቱ ነገር እንዴት ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ።

ሆሳዕና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ግራዝማች ግን ጠናን አስጠሩት። ወንዳፈረው ለሽምግልና አብሮ ሄደ፤ ጓደኛው ሲገረፍ ለማየት ነው እያለ ቢቀልድም ከጎኑ አልተለየም። ግራዝማች አልጮሁም። ወንበር አስመጡላቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ተናገሩ።

«ሰው ሞቶ የማያየውን እኔ ቆሜ አየሁት። ዓይን ዓይናቸውን ተመለከትኩ። ጩኸት ነበር፤ እንባ አልነበረም። መጽሐፍህ ላይ ያልቅሱልኝ። ከልባቸው ያልቅሱ። ማሳተሚያውን እኔ እችላለሁ፤ አዲስ አበባም የምነግረው ሰው አለኝ። መሬቱን ግን እንዳትነካብኝ።»

ወንዳፈረው ጠናን በክርኑ ጎሸም አደረገው። አንድ ቃል ብቻ፣ እሺ ብቻ፣ መጽሐፉ ታተመ ማለት ነው። ጠና መሬት መሬቱን እያየ ቆየ። ፊቱ ላይ ያለውን ምኞት ያየ ሰው ያዝንለት ነበር።

«ጌታዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ዳኘሞቶ መሬቱን ካልሰጣቸው እንባውን ከየት ላምጣው?»

ትምህርት ቤት ሳይከፈት ጠና ወደ ሩቋ ሙዱላ ተዛወረ። ማን እንዳዛወረው የጠየቀ የለም። ጵርስቅላ የሚያፈሰውን ጣሪያ ተሰናብታ ዕቃዋን መኪና ላይ ጫነች።

ወንዳፈረው መጀመሪያ ተገላገልን አለ። ሻይ በትኩሱ መጠጣት እንዴት ደስ እንደሚል ለአሰገደች ነገራት። ሰንበት ሲል ግን ሻይ ቤቱ ጭር አለበት። ሰዉ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ዝናብ ላይ ያበቃል። ስለ በሬ ያወራል፤ በሬ ላይ ያበቃል። ከወሬው ጀርባ ሌላ አገር አልነበረም። ቀልድ ቢፈጥርም የሚቀልድበት ሰው አጣ። አንድ ቀን ባዶውን ወንበር እያየ ጠና እንደ ናፈቀው ለራሱ አመነ፤ አፍሮም፣ ተናዶም።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሙዱላ ገባ። የመጣሁት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው አለ። የሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት ሙዱላ ላይ ጉዳይ እንደሌለው ጠናም ጵርስቅላም ያውቃሉ፤ ግን እንኳን ደህና መጣህ አሉት። በደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ነጋዴዎች ዝንጅብል በጆንያ ይሰፋሉ። ጠና ከስቷል። ስለ ገበያው አወራ፣ ስለ ተማሪዎቹ አወራ፤ ጃፓን የሚለው ቃል ካፉ አልወጣም። ይህ ነገር ወንዳፈረውን አስፈራው።

መጽሐፉስ ብሎ ጠየቀ። ጠና መጨረሻው ላይ መቆሙን ነገረው። «ዳኘሞቶ መሬቱን ይስጥ ብዬ ብዕር አነሳለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል። ለግራዝማች እንባውን አልዋሽም ያልኩ ሰው አሁን ማንም ያልሰጠውን መሬት ተሰጠ ብዬ ልዋሽ?»

ወንዳፈረው ዕድሜውን ሙሉ በባለርስቶች ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ስለ መሬት መከፋፈል ሲወራ የሚስቀው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ካልሳቀ ይመኘዋል። ይህን ምኞት ከጠና በቀር ማንም ፊቱ ላይ ደፍሮ አውጥቶት አያውቅም።

«የእንባው ውሸት ነበር፤» አለው። «ይኸኛው ውሸት አይደለም። ገና ያልሆነ ነው። ወረቀቱ ይቅር፤ ለእኔ ንገረኝ።»

ጠና ጓደኛው እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን መረመረ። አልቀለደም። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ እንደ ድሮው። ዳኘሞቶ አንድ ጠዋት ጭሰኞቹን አስከትሎ ማሳው ዳር ቆመ። ከእንግዲህ የናንተ ነው አላቸው። ያመነው አልነበረም። ያን ጊዜ ባፈናሞቶ ሮጦ የእንሰት ችግኝ አመጣና ተከለ፤ ለመድረስ ስንት ዓመት የሚፈጀውን፣ ነገ ተነሣ እባላለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው የማይተክለውን። ጎረቤቱም ተከለ። የጎረቤቱም ጎረቤት። ጵርስቅላ ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ጆንያ የሚሰፉትም መርፌያቸውን እንደያዙ ዞሩ።

ወደ ሆሳዕና የሚመለሰው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሌላ መኪና እስከ ሳምንቱ ገበያ የለም። ወንዳፈረው ሰማ፤ አልተነሣም።

«ከዚያስ?» አለ።