የደብራችን መኪና የተመረመረችበት ሕልም

ትናንት እሑድ፥ ከቅዳሴ ተመልሼ ጥቂት ቀምሼ ጋደም ባልሁበት ሰዓት፥ እንቅልፍ ወሰደኝና ይህን አየሁ። እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። አልጨመርሁበትም፤ ልቀንስ ብሞክርም አልሆነልኝም።

የደብራችን መኪና በቃሬዛ ላይ ተኝታ ነበር። ይህች መኪና ሰማያዊ ናት፤ ዕድሜዋ ከዲያቆናቱ ሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ደግ ምእመን ሲያርፉ ለደብሩ የተናዘዙልን ናት። እኔ ቄሰ ገበዝ ስለ ሆንሁ ቁልፏ በእጄ ነው። በእውኑ ዓለም ረቡዕ ረቡዕ ሕሙማንን ከከተማ ወደ ጠበሉ የምታደርስ እርሷ ናት። በሕልሜ ግን ሕሙማኑ እርሷን ተሸክመው ዳገቱን ይወጡ ነበር። ጋቢ ተከናንባ ትስላለች። በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና በአሥራ ሁለት አሮጊቶች ትከሻ ላይ ሆኖ አለፈን፤ አንዲት ባጃጅ በአንቀልባ ታዝላ ትነጫነጫለች።

«ቀስ በሉ እንጂ፥ ድንጋዩ ያንገጫግጫታል» አለ ከፊት የያዘው ሽባ።

«አንተ ምን አለብህ፤ ጢሷ የሚወጣው በእኛ በኩል ነው!» አለችው ከኋላ የያዘችው ዓይነ ስውር።

እኔ ወገቤን በገመድ ታስሬ ከፊት እጎትታለሁ። ካባዬን ለብሻለሁ፤ ጥምጥሜንም ጠምጥሜአለሁ፤ በእግሮቼ ፋንታ ግን ጎማ ነበረኝ፤ የግራው ተንፍሷል።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ፥ ነጭ ጓንት ያጠለቀች አህያ ፊሽካ ነፋችብኝ።

«ዳር ያዝ!»

ያዝሁ።

«የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት ነህ?»

«የ፲፱፻፵፫።»

«ቦሎህስ?»

ግንባሬን ዳሰስሁ። የዓመቱን ምርመራ ያለፈ መኪና መስተዋቱ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት በእኔ ግንባር ላይ አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳትመረመር ነው ስትሽከረከር የኖርኸው?» አለችኝ። «ስንቱን ገጭተህ ይሆን! በል እለፍ፤ ወደ ጋራዥ ነው የምትሄደው፤ እዚያ ያዩሃል።»

ጋራዡ የአስማረ ነበር። አስማረ ማን እንደ ሆነ ልናገር። ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር፥ የደብሩን ቦታ ተከራይቶ መኪና የሚሠራ፥ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። የንስሐ አባቱ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር መኪናችን ማሳል ስትጀምር የሰጠኋት ለእርሱ ነበር። ካርቡሬተሯን አጠበ፤ እሳት የሚሰጧትን ካንዴላዎቿን ለወጠ፤ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ደግሞ ፈታ፤ ደግሞ ገጠመ፤ ደግሞ ጠፋች። በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፥ በደጀ ሰላሙ ፊት ተንተባትባ ቀጥ አለች። ሰው ሳቀ። እኔም አፍሬ፥ «ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ሰክቶባት ይሆናል» አልሁ። «ይሆናል» ነበር ያልሁት። ቃሉ ከበር እስከ በር ሲሄድ ግን «ይሆናል»ን ይዞት የሄደ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ወደ አስማረ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። የሰበካ ጉባኤውም ከደብሩ ቦታ ይነሣ እንደ ሆነ ሊወስን ለዛሬ ሰኞ ቀጠሮ ይዟል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

በሕልሜ መካኒኮቹ ነጭ ኩታ ለብሰው ከዛፉ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እኔ በትርጓሜ ቤት የምቀመጥበት ወንበር ላይ፥ ጥምጥም ጠምጥሞ፥ አስማረ ተቀምጧል። የደብሩ ካህናት ደግሞ ከመኪኖቹ ሥር በጀርባቸው ተጋድመው እግራቸው ብቻ ይታያል። ከአንደኛዋ ሥር የአለቃችንን ድምፅ ሰማሁ፤ «የአሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብሉኝ!» ይላሉ፤ የሚጣሩትም በዜማ ነው።

ሕሙማኑ መኪናዋን በመካከል አኖሯት። አንድ መካኒክ ተነሥቶ ንባቡን አሰማ፤ «ትነሣለች፤ ትንተባተባለች፤ ትጠፋለች።»

«ተርጉም» አለ አስማረ።

«ትጠፋለች ማለቱ፥ ቤንዚን አንሷት ነው።» ይህን ብሎ አንድ ቱቦ አወጣና ምንጣፉ ላይ አኖረ።

«አንድም» አለ ሁለተኛው፤ «ቤንዚን በዝቶባት ነው።» ካርቡሬተሩን አወጣ።

«አንድም፥ እሳት ሸሽቷት ነው።» ካንዴላዎቹ ወጡ።

«አንድም፥ እሳቱ ሳይሸሻት እርሷ ሸሽታው ነው።» የሽቦዎቹ ጥቅል ወጣ።

«አንድም፥ አየር ገብቶባት ነው። አንድም፥ አየር አጥታ ነው።»

እያንዳንዱ «አንድም» አንድ ዕቃ ያወጣል፤ የሚመልስ የለም። እኔም ፈራሁ።

«ጌታዬ» አልሁት አስማረን፤ «ከእነዚህ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሁሉም ነዋ!» አለኝ አስማረ። «የአባቶች ትርጓሜ ይጣላል እንዴ? አንተ ሽማግሌ፥ ይህን ያስተማርኸን ራስህ አይደለህም?»

እውነቱን ነው። አንዱ ትርጓሜ ሌላውን እንደማያስወጣው አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ለመጽሐፍ መልካም ነው። መኪናዋ ግን በየ«አንድም»ው እየቀለለች ሄዳ፥ ምንጣፉ ላይ የተዘረጋው ከእርሷ በለጠ።

በዚህ ጊዜ መኪናዋ ቀና አለች። ድምፅዋ አስታማሚ ያጣች ባልቴት ድምፅ ይመስል ነበር።

«አባቴ፥ እኔ ልናገር?»

«ዝም በይ» አልኋት። «ታማሚ ስለ ሕመሙ ምን ያውቃል!»

«ኧረ የጠጣሁትን ልንገ...» አለችና ጠፋች።

«አስነሷት» አለ አስማረ። አስነሷት።

«ረቡዕ ዕለት፥ ሰው ሳይኖር፥ የጠጣሁት...» አለችና ተንቀጥቅጣ ጠፋች።

አስማረ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አጠጣሃት?»

«ቤንዚን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ይጠጣል፤ መኪና አይደለች!»

«ብርጭቆ አምጡ» አለ።

ከቤንዚን ቋቷ ሥር ያለውን ብሎን ፈትተው ወደ ብርጭቆው ቀዱ። እስኪረጋ ድረስ ጠበቁ። አለቃም ከተጋደሙበት አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ቤንዚኑ ከላይ፥ ውሃው ከታች፥ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር። በዚያ በተገለባበጠ ዓለም በገዛ ቦታው ተቀምጦ ያየሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ያ ውሃ ጠበል ነው። ያፈሰስሁትም እኔ ነኝ፤ በሕልም ሳይሆን በእውን። ማሳል እንደ ጀመረች አስማረ «ቅዳሜ አያታለሁ» ቢለኝ፥ ቅዳሜ ራቀብኝ። ረቡዕ ሕሙማኑን አድርሳ ቆማ ሳለች፥ አንድ ጀሪካን ጠበል ቀድቼ፥ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፥ በቤንዚን መቅጃዋ አንቆረቆርሁት። ስንቱን የፈወሰ እርሷንስ እንዴት ይተዋታል ብዬ ነበር። ለሰው ልጅ የተሰጠውን በረከት የት እንደማፈስሰው አላሰብሁም። እስከዚያ ድረስ ትስል ነበር እንጂ አትጠፋም ነበር። አስማረም ሁለት ጊዜ ፈትቶ ከገጠማት በኋላ፥ «አባቴ፥ ውሃ ገብቶባት ይሆን እንዴ? ቋቷን ላውርደው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ውሃ ከየት ይገባል? እኔ አይደለሁ የምጠብቃት!» አልሁት። የንስሐ አባቱ ነኝና አመነኝ፤ ቋቷንም ሳያወርድ ቀረ። ብናገር በጠበሉ ይሳቃል ብዬ ነው ዝም ያልሁት፤ ለራሴ የነገርሁት እንዲህ ነው። የሚሳቀው ግን በእኔ ነበር።

በሕልሜም አልተናገርሁም።

«ዝናብ ይሆናል» አልሁ።

«በጋ ነው!» አሉ መካኒኮቹ በአንድ ድምፅ።

«ጤዛ ይሆናል።»

አስማረ ከወንበሩ ወርዶ ረዥሙን ካቻቢቴ አነሣ። መካኒክ የሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው፥ ጫፉን ደረቴ ላይ፥ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አጤነ።

«ሚኒሞ አይዝም፤ በዝግታ መዞር አይችልም» አለ። «ዝም ሲል ይንቀጠቀጣል። ደኅና የሚመስለው ሲጮኽ ብቻ ነው። ኮፈኑን ክፈቱት።»

ጥምጥሜን አነሡና ራሴ ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ዳዊት?»

«አለ።»

«ሐዲሳቱ ከነትርጓሜያቸው?»

«አሉ፤ አቧራ እንኳ አልነካቸውም።»

«ፍትሐ ነገሥት?»

«ኧረ እርሱማ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል!»

«ታዲያ ምን ጎድሎት ነው?»

ከሁሉ የሚያንሰው መካኒክ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ ከተተና ቆየ። «ዕቃው ሙሉ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከአፉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ግን ተበጥሷል። አሁን የተበጠሰም አይደለም፤ ዝጓል።»

ወዲያው ራሴን በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ አገኘሁት። ወንበሮቹ በእኛ ላይ ተቀምጠዋል። የሊቀ መንበሩ ወንበር ከሁሉ የከበደ ነውና በእኔ ጉልበት ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ አልቋል፤ ስብሰባው ግን ገና አልተጀመረም።

«ብዙ አናደክምህም» አለኝ ወንበሩ። «ውሃውን የጨመረው ማን ነው? አንድ ቃል በቂ ነው። ከተናገርህ አስማረ በቦታው ይቀመጣል፤ ዝም ካልህ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል።»

አፌን ከፈትሁ። «እ... እ... እ... እ...»

«ባትሪው ደክሟል» አለ አንድ በርጩማ።

«ግፉት!» አለ አስማረ።

ሽባው ወገቤን ያዘ፤ ዓይነ ስውሯ ትከሻዬን ያዘች፤ ከአዳራሹ አውጥተው በቁልቁለቱ ለቀቁኝ። ጎማዎቼ ይንጫጫሉ፤ ካባዬ እንደ ሸራ ይራገባል። ከኋላዬ ሕሙማኑ እየሮጡ ይጮኻሉ፤ «ሁለተኛ አግባ! ማርሽ አግባ፥ አባ! አሁን ልቀቀው!» ከደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ያዘ፤ ተንገጫገጨ፤ ሞቀ። ሊነሣ ነው። «እኔ» አልሁ። ሁሉም እልል አሉ። «እኔ ነ...»

በሩ ተንኳኳ፤ ነቃሁ።

«አስማረ ነው» አለችኝ ባለቤቴ። «ግባ ብለውም እንቢ አለ። ደጅ ቆሟል።»

ወጣሁ። ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ጫማውን አውልቋል። ሲያየኝ መሬት ወድቆ ጉልበቴን ያዘ።

«አባቴ፥ ይፍቱኝ።»

«ምን ሆንህ፥ ልጄ?»

«ሳስበው ከረምሁ» አለ። «ከመኪናዋ አውጥቼ ያስቀረሁት ዕቃ ትዝ አይለኝም። ጋራዡን ገልብጬ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሚስቴም፥ 'አላደረግህም' ትለኛለች። ነገር ግን እርስዎ በሐሰት አይናገሩም። ሳላውቀው አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል። አሁን ከአለቃ ዘንድ ነው የመጣሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፥ ቦታውንም እለቃለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ። ነገ እርስዎን ለምስክርነት ማስቸገር ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

ክንዱን ይዤ ከመሬት አነሣሁት።

«ቀኖናዬን ይስጡኝ፥ አባቴ።»

መስቀሌን አውጥቼ አሳለምሁት፤ አርባ ስግደትም ሰጠሁት።

«አያንስም?» አለኝ።