የፕሮፌሰር አይሆንም ፓምፕ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመድ አዝማዱ መካከል አንድ ተስፋ አስቆራጭ አይጠፋም። ቤት ልሠራ ነው ስትሉት ጣሪያው ሲያፈስ ይታየዋል። ላገባ ነው ስትሉት «እስቲ ይሁና» ይልና በረጅሙ ይተነፍሳል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፕላስቲክና ሙጫ የሚጠናበትን የፖሊመር ቤተ ሙከራ ይዘው የሚኖሩት ክቡርነታቸው ነበሩ። ደህና ስም ነበራቸው፤ ተማሪው ግን «ፕሮፌሰር አይሆንም» ነበር የሚላቸው። ሰምተውታል። በሕይወታቸው «አይሆንም» ሳይሉ ያሳለፉት ነገር ቢኖር ይኸው ቅጽል ስም ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «በፖሊመርና በፊዚካል ኬሚስትሪ የዶክትሬት ምርምር ዕድል» የሚል ወረቀት አይታ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ፈገግታ አያልቅባትምና ፈገግ ብላ ገባች።

«ማን ላከሽ?» አሏት።

«ማንም። ማስታወቂያውን አይቼ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«እሱን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነዝንዞኝ ነው የለጠፍኩት። ሥራ የለሽም?»

«አስተማሪ ነበርኩ። ዶክትሬት ልማር ብዬ ለቀቅኩ።»

«ወይ ጉድ! እንቅልፍ ነበረሽ፣ ደመወዝ ነበረሽ። ምን ጎደለሽ?»

ቀጥለው ወደ መደርደሪያው ወሰዷት። አመልካች ሁሉ የሚሸኘው እዚያ ጋ ነው። ውስጣቸው ያለው ነገር እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ ማማሰያው እዚያው ተቀርቅሮ የቀረባቸው የመስታወት ፍላስኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የአንድ ተማሪ ልፋት ነው፤ ተበላሽቶ የቀረ።

«የዚች ፍላስክ ባለቤት አሁን ጫማ ይሸጣል። ደስተኛ ነው። የዚችኛው ደግሞ ትዳሩ ፈረሰ። ፖሊመሩ ግን ይኸው፣ በመዶሻም አልፈረሰም።»

ከእሷ በፊት የመጡት ይህን ሲሰሙ እግሬ አውጪኝ ብለዋል። እሷ ግን የምትመለስበት አልነበራትም። በትምህርት ቤት ቦታዋ ሌላ ሰው ገብቷል። እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰው፣ ስልክ ሲደውሉ «ዶክተሬ» ማለት ጀምረዋል። «እሞክራለሁ» አለች።

«አይሆንም እንጂ… ነገ በጠዋት ነይ» አሏት።

እንዲህ ባለ ምርቃት ሥራ ተጀመረ። ክቡርነታቸው በዚህ ዓለም የሚወዱት ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ እሱም አየር መምጠጫው ፓምፕ ነው። ፓምፑ የተገዛው ለእሳቸውና ሁለተኛ ፎቅ ላለው የፊዚካል ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በጋራ ነበር። እሳቸው ግን በብስክሌት ሰንሰለት ከጠረጴዛ እግር ጋር ቆልፈውታል። በዚህ የተነሳ ከታችኛው ፎቅ ፕሮፌሰር ጋር ዓይንና ናጫ ሆነው አርጅተዋል። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«ለአንድ ቀን ብናውሳቸውስ?» ብላ አንዴ ተሳስታ ጠየቀች።

«ፓምፔን? እኔ አፈር ስገባ ይውሰደው!»

አንድ ቀን ማስጀመሪያውን ኬሚካል አብዝታ ጨመረችና፣ ዘወር ብላ ስትመለስ ፍላስኩ ከነማማሰያው ድርቅ ብሎ ጠበቃት። አበቃልኝ ብላ አለቀሰች። እሳቸው ፍላስኩን በጨርቅ ወለወሉት፣ የቀድሞዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርገው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። «ነግሬሽ አልነበረም?» አሉ። ቀጥለውም «ድገሚው» ብለው ወደ ፓምፓቸው ዞሩ። በማግስቱ ከእሳቸው ቀድማ በር ላይ ቆማ አገኟት።

ሥራው መልክ መያዝ ሲጀምር መርዶው መጣ። ኃላፊው ጠርቶ ጡረታዎ ደርሷል፣ ክፍሉም ለዕቃ ማከማቻ ይፈለጋል አላቸው። ልጅቷ ሌላ አማካሪ ካላገኘች ትሰናበታለች። ሲነግሯት ያችኑ «ነግሬሽ አልነበረም?» ደገሟት፤ ድምፃቸው ግን ጉልበት አልነበረውም። የዚያን ቀን እናቷ ሲደውሉ ስልኩን ማንሳት አቃታት። ምን ትበላቸው? ዶክተርዎ ተባረረች?

በማግስቱ ስትገባ ሰንሰለቱ ተከፍቶ ወለል ላይ ተጥሏል። ፓምፑ የለም። ተሰረቅን ብላ ደረጃውን ቁልቁል ስትበር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገርበብ ካለው በር ጀርባ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ሰምታ ቆመች።

«ፓምፑን ውሰድ» ይላሉ የእሷው። «ልጅቷንም አብረህ ውሰድ።»

«ፓምፑን ብቻ ብወስድስ?»

«አይሆንም። እልኸኛ ናት። ያበላሸችውን ለመድገም ከእኔ ቀድማ ነው የመጣችው። ይሆንላታል።»

«አንተ ‹ይሆናል› ስትል ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

«እየለመንኩህ ነው፣ ሰውዬ። ምን ልበልህ?»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ሁሉ ወር የፈራችው፣ አንዳንዴም የረገመችው አፍ ነው እንዲህ የሚለምነው።

ፕሮፌሰር አይሆንም ሲወጡ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። «ምን ቆመሻል? ሰምተሽ እንደሆነ አይሆንም። ሰውዬው ክፉ ነው፤ ስለ ፖሊመር አንዲት ነገር አያውቅም፤ ፓምፑንም ይገድለዋል» አሉና የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። ጀርባቸው በአንድ ሌሊት የጎበጠ መሰላት።

ሦስተኛ ፎቅ ዛሬ የተሰበረ ወንበር መከመሪያ ነው። የደረቁትን ፍላስኮች የጽዳት ሠራተኞች ሊጥሏቸው ሲሉ ደርሳ፣ አንድ በአንድ አቅፋ ወደ ታች አወረደቻቸው። አዲሱ አማካሪዋ እንደተባለው ክፉ ናቸው፤ አስገብተዋታል ግን። ፕሮፌሰር አይሆንም መጀመሪያ ሰሞን «ፓምፑን ልየው ብዬ ነው» እያሉ ብቅ ይሉ ነበር። ኋላ ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ አለ። አሁን ይደውላሉ።

«ሞተ?»

«ኧረ ይሠራል፣ ፕሮፌሰር።» ስልኩን ወደ ፓምፑ ታስጠጋላቸዋለች። ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ባለፈው ግን ካዳመጡ በኋላ፣ «አንቺስ?» ሲሉ ጠየቋት።

«የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። ተሳካ።»

«አይሆንም» አሉ እንደ ልማዳቸው። ስልኩን ግን አልዘጉትም።