ጋሽ ደረጀ ትራንስፎርመር የቀየረ ዕለት
እንደ ጎረቤቴ እንደ ጋሽ ደረጀ ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የማሽን ሹክሹክታ የሚሰማ፣ ሚስቱን ግን የማይሰማ ሰው ማለቴ ነው። ጉለሌ ቤቱ ውስጥ የድሮ የማይክራፎን ማጉያ ይጠግናል። ቅዳሜ ዕለት የአንዱን ትራንስፎርመር፣ ከማይክራፎኑ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል፣ በአዲስ ቀየረና፣ ሰፈሩን ሁሉ «ዝም በሉ!» ብሎ፣ ማዳመጫ አጥልቆ ሚስቱን እትዬ አልማዝን ጠራት።

«እስኪ አንድ፣ ሁለት በይ።»

«ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!» አለች በማይክራፎኑ።

ድምፁ ኩልል ብሎ ሲመጣለት ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ትንፋሽሽ ለምን ይቆራረጣል?»

«ከፋሲካ ጀምሮ እየነገርኩህ! ዳገት ስወጣ ያፍነኛል።»

ማዳመጫውን ወርውሮ ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ሐኪሙ ልቧን መርምሮ መድኃኒት አዘዘላትና «ደግነቱ በጊዜ መጥታችኋል» አላቸው።

«ኧረ ዘግይቼ ነው የሰማኋት» አለ ጋሽ ደረጀ፣ እጇን እንደያዘ።