ፊታውራሪ የተመረጡ ለት

የእኛ አገር ሹመት አንድ ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ወንበሩ ሄዶ ስሙ ይቀራል። እዚህ ስዊስ አገር ሚኒስትሩ ከሥልጣን በወረደ ማግስት አቶ እገሌ ይሆንና ትራም ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። እንዲያውም ሳይወርድም ቆሞ ነው የሚሄደው። እኛ ዘንድ ግን ደርግ ርስቱን ወርሶ፣ ቤቱን ወርሶ፣ መኪናውን ወርሶ ሲያበቃ ማዕረጉን መውረስ አቃተው። ጄኔቫ ላይ ስንት ደጃዝማችና ስንት ፊታውራሪ አውቶቡስ ሲጠብቁ እንዳየሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የበላውም ያው ነው፤ እሱንም ሲቆጨው ነው ያየሁት።

የኔዎቹ ሁለት ነበሩ። አቶ በላቸው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል፣ ማለትም ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴ ናቸው። በወረዳቸው በዣንጥላ ምልክት ተወዳድረው እንዳሸነፉ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ለስብሰባ ጄኔቫ መጥተው ሳሉ ምክር ቤቱ ከኋላቸው ተዘጋባቸው፤ በዚያው ቀርተው ቬርኒየ ሰፈር እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ። ፊታውራሪ ደምሰው ደግሞ የሕግ መወሰኛው ናቸው፤ ጃንሆይ የሾሟቸው። ለኩላሊት ሕክምና መጥተው ቀሩ። ኦ ቪቭ የሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ይመልሳሉ። አንድ አውራጃ ያዘዙ ሰው ናቸው፤ አሁን የሰባት ዓመት ልጅ በፈረንሳይኛ ታዛቸዋለች።

ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ነገር ነው። አቶ በላቸው፣ እኔ የሕዝብ ድምፅ ነኝ፣ እርስዎን ማን መረጠዎት ይላሉ። ፊታውራሪ ደግሞ፣ እኔን የመረጠኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም አልተሳሳተም፤ የእርስዎ መራጮች ግን ዛሬ ቢጠየቁ ስምዎን ያስታውሱታል ወይ ብለው ይመልሳሉ። አቶ በላቸው በዚህ ሲሸነፉ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ፊታውራሪ በምክር ቤት ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ተቃውመው ተናግረው አያውቁም። እውነታቸውን ነው። ዝምታ ለሌላው ሰው ወርቅ ነው፤ ለፊታውራሪ ደመወዝ ነበር። ይህን ሁሉ ተባብለው ሲያበቁ አንዱ ሌላውን ካላየ ምግብ አይበላለትም።

አቶ በላቸው አንድ ልጅ አላቸው፤ ዳዊት ይባላል። አዲስ አበባ ከእናቱ ጋር ቀርቷል። እሱን ለማምጣት የመኖሪያ ፈቃድ፣ እዚህ ፔርሚ የሚሉትን፣ ፍለጋ ያልረገጡት ቢሮ አልነበረም፤ በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። የዚያን ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከደመወዛቸው ቆጥበው ወፍራም ካፖርት ገዙለትና ላገኙት ሰው ሁሉ ያሳዩ ጀመር። ስለየው ትከሻው እዚህ ጋ ነበር፣ አሁን እዚህ ደርሷል ይላሉ፣ በእጃቸው አየሩን እየለኩ። እኔንም ደረጃ ላይ አስቁመው ገበሩን ዳሰስ አድርጊው ብለውኛል። ዳሰስኩት። ጥሩ ገበር ነበር።

በሳምንቱ ወዳጃችን ወይዘሮ አስናቀች ከዙሪክ ደወለች። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ነግሯት ነው። ዳዊትን ከቤት ወስደውት፣ ጠዋት መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። እናቱ እንኳ እንዳታለቅስ ተከልክላ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰነበትኩ። አሳንሰር ውስጥ አቶ በላቸውን ሳገኛቸው ጫማዬን አያለሁ። ለዳዊት አልጋ ገዝቻለሁ ሲሉኝ እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ፤ አፌ ቁርጥ ይበል። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ማታ የአገር ሰዎችን፣ ፊታውራሪንም ጭምር፣ ጠርቼ እኔ ቤት ተሰበሰብን። አስናቀችም በባቡር መጣች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ በዘመድ በወዳጅ፣ በሽማግሌ አፍ። ማለዳውም ወዳጁም አለ፤ አፉ ጠፋ። አንዱ ደም ግፊቴ አለ፣ ሌላው ከእሳቸው ጋር ብዙም አልቀራረብም አለ፣ እኔም የምለው አላጣሁም። በመጨረሻ አስናቀች ትዕግሥቷ አለቀና፣ እነዚህ ስዊሶች ለውኃ ቦይ እንኳ እጃቸውን አውጥተው ይወስናሉ፣ እኛም እጅ እናውጣ አለች። ፊታውራሪ ይንገሩ የምትሉ?

የሁላችንም እጅ ወጣ። የፊታውራሪ እጅ ብቻ ከዘራቸው ላይ ቀረ። እጆቻችንን አንድ በአንድ አዩና፣

«ተቃውሞ አለኝ» አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ማንም አልሳቀም። አስናቀች ጠጋ ብላ፣ «ፊታውራሪ፣ እሳቸው እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ የሚጣሉት ሰው የላቸውም» አለቻቸው። አንገታቸውን ደፉ።

እሑድ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ሰዉ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ እኔ ቤት መጣ፤ ሁለቱን ፎቅ በደረጃ ወጣን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ፊታውራሪ ፊት ቆመው አንኳኩ። አቶ በላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ከፈቱ፤ መጀመሪያ ያዩት እሳቸውን ብቻ ነበርና ፊታቸው በራ።

«ምነው በማለዳ? ዛሬ ደግሞ ማን ሾመዎት?»

«አልተሾምኩም» አሉ ፊታውራሪ። «ተመርጬ ነው የመጣሁት።»

አቶ በላቸው መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ከኋላ የቆምነውን አዩን፣ ነጠላችንን አዩ። ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ።

«ልጄን ነው?»

ፊታውራሪ ከዘራቸውን ጥለው አቀፏቸው። ሁለቱም እዚያው በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ሹሙና ምርጡ፣ እኩል። አለቀስን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የእናቱንም ድርሻ ጨምረን አለቀስንላት። የታች ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በዱላ ነካ ነካ አደረገ፤ በኋላ ምን እንደተሰማው እንጃ፣ ተወው።

ማታ ፊታውራሪን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ዞር አሉና፣

«ልጄ፣ ሁለተኛ አትምረጡኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ዘመኑ ግን የደርግ ዘመን ነበር፤ የዚያ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ ሁለት ጊዜ ደግመን መረጥናቸው።