እሜቴ ትንሽ-በትንሽ

ባለቤቴ አውቶቡስ ሲጠብቅ ፌርማታ ላይ ወድቆ የቀረበት ዓመት፣ ክረምቱ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ፀሐይ ወጣች ብሎ ልብሱን ሲያሰጣ፣ እኔ ሹራብ ደርቤ መስኮት ሥር እውላለሁ። ከግቢው በር ልወጣ ስል ፍርሃት ይዞኝ እመለሳለሁ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ከከተማው ማዶ አልጋ ይዛለች። «ምነው፣ ሳታዪኝ ልትቀብሪኝ ነው?» ትለኛለች በስልክ። ጉንፋን ይዞኝ ነው እላለሁ። አንድ ጉንፋን ለሰባት ወር!

ልጄ ይሄን አይታ፣ በቪዲዮ ከምታነጋግር አማካሪ ጋር አገናኘችኝ።

መቼም እንዲህ ያለ ሰው ከየትም አይጠፋም፤ ብሶታችሁን ዘርግታችሁ ሳትጨርሱ «እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚል። ልታለቅሱ ሄዳችሁ ሥራ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። የዚህ ዘር ሁሉ አለቃ ግን የእኔዋ ናት፤ ክብርት እሜቴ ትንሽ-በትንሽ።

የመጀመሪያው ቀን፣ የሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳሬን ከሠርጉ ጀምሬ ላወራላት ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። አልዋሽም፣ ጥሩ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣

«እማማ፣ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«እህቴን ማየት።»

«እሱን እንቆራርሰዋ። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ምን ትሁን?»

«አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ስለ ፍርሃት አውቃለሁ። የእርስዎን በር የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።»

ጉድ እኮ ነው! መድኃኒት ስጠብቅ እኔኑ ታማክረኛለች። ተከራክረን ተከራክረን፣ በሩን ከፍቼ እስከ ሃያ ቆጥሬ እንድመለስ ተስማማን። ብቻዬን መልፋቴ አናደደኝና «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ሊፍት እንደምትፈራ ነገረችኝና ለራሷም በሊፍት አንድ ፎቅ መውጣትን መዘገበች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሁለታችንም ሪፖርት አቅራቢ ሆንን።

በአራተኛው ሳምንት ዋሸኋት። እስከ ፌርማታው ሄጄ ከዚያው ልደውልላት ነበር ቀጠሯችን። እኔ ኩሽና ቆሜ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ፣ «ይኸው ፌርማታው ላይ ነኝ፤ የመኪናው ብዛት አያድርስ ነው!» አልኳት።

በቪዲዮው ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አየት አድርጋ በቀስታ፣ «እማማ፣ ፌርማታው ላይ ድስት ይሰቀላል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትቆጣኛለች ስል እስክሪብቶ አነሳች።

«ቁራሿን አተልቀናታል ማለት ነው። ጥፋቱ የጋራችን ነው። እናሳንሳት?»

እልህ ያዘኝ። «አታሳንሺ! አሁኑኑ እወጣለሁ። አንቺ ብቻ ስልኩን አትዝጊ።»

በእጄ ይዣት ወጣሁ። እሱ የወደቀበት ቦታ ስደርስ እግሬ ተተከለ። አይዞዎት የሚባል ነገር የለም፤ «ፍርሃትዎ ከአሥር ስንት ደረሰ?» ትለኛለች።

«ዘጠኝ!»

«ስምንት እስኪሆን አብረን እንቁም። ቸኩያለሁ እንዴ?»

ቆምን። ሰው እያየኝ፣ አውቶቡሶች እየመጡ እየሄዱ፣ ቆምን። ስድስት ላይ ስደርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እህቴ በሩ ላይ ስታየኝ «ከሳሽ» አለችኝ፤ ራሷ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ! ስምንት ሐሙስ አብሬያት ዋልኩ። ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ የልጅነት ጥላችንን ሁሉ እንደገና ተጣላን። በዘጠነኛው ሐሙስ ቀበርኳት። በአውቶቡስ ሄጄ።

ያችን አማካሪ ለጎረቤት ሁሉ ሳማት ኖሬያለሁ፤ ሰላም አትሰጥም፣ ዝም ብላ ማዘን አታውቅም እያልኩ። ታዲያ «እንግዲህ ጨርሰናል» ስትለኝ ምን አደረግኩ? አዲስ ፍርሃት ፈጠርኩ።

«ድመት እፈራለሁ» አልኳት።

«እማማ፣» አለች ሳቋ እያመለጣት፣ «ድመቷ እኮ ጭንዎ ላይ ተኝታለች።»

የእሜቴን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አምና ነው። እናቷ ወደሚኖሩበት ትንሽ ከተማ ተዛውራ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ትሠራለች አሉ።