የእትዬ ስልክ ዝም ሲል

በየቤተሰቡ መጥፎ ወሬን ገና መንገድ ላይ ሳለ ወጥቶ የሚቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። ሰማዩ ሲዳምን ጎርፍ፣ ሰው ትንሽ ሲዘገይ አደጋ የሚታየው ሰው ማለቴ ነው። በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት አክስቴ ናቸው። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ግን የሥጋት ሚኒስትራችን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ወንበሩን የሚፎካከራቸውም እስካሁን አልተገኘም።

«ክፉ አላስብም እንጂ…» ብለው ከጀመሩ ተደላድለን እንቀመጣለን። ከዚያ ቀጥሎ ቢያንስ አንድ ዘመዳችን ሆስፒታል መግባቱ አይቀርም።

አንዲት ልጃቸው አግብታ ሩቅ ከተማ ስትሄድ፣ የቤቱን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ገዝታ አስገጠመችላቸው። ቁጥሩም ስልኩም ያው የድሮው ነው፤ ድምፁ ብቻ በኢንተርኔት ይሄዳል። እናቷ እንደልብ እየደወሉ ሐሳባቸው እንዲቀልላቸው ብላ ነበር። ሐሳብ ግን በአዲስ መስመር መጣ።

ድምፁ ሲቆራረጥ «ሳግ ይዟታል፣ እያለቀሰች ነው» ይላሉ። የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ሲያስተጋባባቸው «ማነህ አንተ የምታላግጥብኝ?» ብለው መስመሩ ላይ ያለውን የማይታወቅ ባለጌ ይገሥጻሉ። የባሰው ግን መዘግየቱ ነው። «ደህና ነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል። ወዲያው ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«ሰማህ? ደህና ነኝ ለማለት አሰበች። ደህና የሆነ ሰው ምን ያስባል?»

እኔ የምተዳደረው በጽሑፍ ነው። የምጽፈው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ግን እትዬ ዘንድ የኔትወርክ መሐንዲስ ነኝ። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ቀኗ ሲቃረብ፣ ስልኩን እንዳይ በአስቸኳይ ተጠራሁ።

ገብቼ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ራውተር ብፈልገው የለም። ለካስ እትዬ አቧራ እንዳይገባው ብለው በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለውታል። ስገልጠው እንደ ካውያ ይፋጃል። ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ ጋሼ፣ መኝታ ቤት ሆነው በዚያው ኢንተርኔት ኳስ ያያሉ። የድምፁ መቆራረጥ ምክንያት ተገኘ ብዬ ደስ ሳይለኝ ስልኩ ጮኸ።

እትዬ አነሡት። «ሃሎ? ልጄ? ሃሎ!»

ዝም። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፤ እንኳን ድምፅ፣ ትንፋሽ የለም። በእጅ ስልኬ ልጅቷ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባሏ ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። ፍርሃት ተላላፊ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ወደ ስልክ ድርጅቱ ስደውል አንዲት ረጋ ያለች ሠራተኛ አነሣችልኝ። «ራውተሩ የሚመጣውን ድምፅ አግዶት ይሆናል» አለችኝ። «መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሣጥኗን አጥፍተው ያብሩ።»

«እትዬ፣ ይዝጉት፤ ላጥፋው» አልኳቸው።

«አላደርገውም!»

«ምንም አይሰማም እኮ።»

«እሱን ተወው። ምጥ ይዟት ይሆናል፤ ዘግቼው ድጋሚ ባትደውልስ? እየጠፋ ሳለ ብትጠራኝስ?»

የራውተሩ ገመድ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ እሳቸው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ተፋጠጥን። በመጨረሻ ከእኔ ፊታቸውን አዞሩና ባዶውን ስልክ ያነጋግሩ ጀመር።

«ልጄ፣ ሰማሽኝም አልሰማሽኝም እናገራለሁ። አንቺን ልወልድ ስል ‹አልወልድም፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ› ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ኮሪደር ወጥቼ ነበር። አባትሽ ነው የመለሰኝ። ፈሪ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ፈሪም ይወልዳል፣ የኔ እናት። ሲመጣብሽ አትታገዪው፤ ተንፍሺ። በይ አሁን ተንፍሺ… ጎሽ። ሲተውሽ ደግሞ ረፍት አድርጊ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ አልዘጋም።»

እንዲህ እያሉ ቆዩ። እየተነፈሱ፣ «ጎሽ» እያሉ፣ ለዝምታ ምጥ ሲያስተምሩ ቆዩ። ዕድሜ ልኬን ያሳቁኝ ሴትዮ ናቸው፤ ያን ቀን ግን መሳቅ አቃተኝ። ልጃቸው ምን እንደሆነች አላውቅም።

ከዚያ መስመሩ በራሱ ተቋረጠ። ባሏ ጋ ደግሜ ደወልኩ፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ዝግ ሆነ። እትዬ ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን ከገመዱ ላይ አነሡ።

«አጥፋው» አሉኝ፣ በማላውቀው ድምፅ።

አጠፋሁት። ከመኝታ ቤት «ኧረ ኳሱ ቆመ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ጋሼ ብቅ ብለው የሚስታቸውን ፊት ሲያዩ ግን ኳሱን ትተው አጠገባቸው ተቀመጡ። አበራሁት። ሦስታችንም የራውተሩን መብራቶች እንደ ሐኪም አፍ አፍጥጠን አየናቸው። ቀይ። ቀይ። ብልጭ አለ፤ ተመልሶ ቀይ። በመጨረሻ አረንጓዴ ሆነ። ሣጥኗም ተከተለች። ስልኩ ግን አይጠራም። ጋሼ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ያጠልቃሉ። እትዬ «ክፉ አላስብም እንጂ» እንኳን አላሉም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሲጠራ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። እኔ አንሥቼ ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«እማዬ!» የሚለው ድምፅ እኔም ጋ ጥርት ብሎ ደረሰ። «ሴት ልጅ! ሁለታችንም ደህና ነን። ቅድም የደወልኩበት የባለቤቴ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነው የተቋረጠው።»

«ስትደውዪ እኮ አንድ ቃል አልሰማሁም!» አሉ እትዬ እንባቸው እየወረደ።

«እንዴ! እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስልኩን ትራሴ ላይ አድርገውልኝ ነበር። ‹ተንፍሺ› ስትዪኝ እተነፍሳለሁ፤ አዋላጇ እንኳን ‹እናትሽ ያሉሽን አድርጊ› እያለች እሷ ዝም ብላ ነበር። ስጮህ አልሰማሽኝም ማለት ነው? እንኳን አልሰማሽ፤ እዚያው ትሞቺብኝ ነበር!»

ጋሼ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ በሚመጣው ወር ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለኝ። እትዬ እንዳይሰሙ ቤተሰቡን በሙሉ አስምዬ ነበር። ያን ቀን ተሰናብቼ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ በሩ ላይ ቆምኩና ተመልሼ ወጣሁ።

«ምነው፣ ምን ረሳህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

«እትዬ፣ ሐኪሞቹ ስልኬን እስኪወስዱብኝ ድረስ እርስዎ መስመር ላይ ሆነው ቢያዋሩኝ?»