መብት አዋቂው አቶ ታፈረ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ይኖራል፤ ውሃ የሚጠፋበት ሰፈርም ይኖራል፤ የጎረቤቱን መብት ከጎረቤቱ አብልጦ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ሰው ጠበቃ አይደለም፤ የጠበቃ ዘመድም አይደለም። ሕግ ያነበበው ጥቂት፣ የሰማው ብዙ፣ የተናገረው ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

በእስራኤል፣ በሃይፋ ከተማ፣ ሀዳር ሃካርሜል በሚባለው ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክቡር አቶ ታፈረ ናቸው። ክቡርነታቸው ዳቦ ሊገዙ ከቤት ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ የተበደለ ሰው ሳያገኙ አይቀሩም፤ ካላገኙም ያልተበደለውን አስቁመው እንደተበደለ ያስረዱታል። «ሕግ አለ!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። የትኛው ሕግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከተነሣ፣ እርሱ ራሱ መብቱን የማያውቅ ምስኪን ነውና ማስተማር ከእርሱ ይጀምራል።

ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ፍሬህይወት እኚህን ሰው ትፈራቸዋለች። እርግጥ ፍሬህይወት የማትፈራው ጥቂት ነው፤ ፈተና ትፈራለች፣ ስልክ ሲጠራ ትፈራለች፣ ከሁሉ አብልጣ ግን ከኋላዋ የሚጠራትን ሰው ትፈራለች። ለዚህኛው ምክንያት አላት። ግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙም የሚሰማው በሹሩባዋ ሥር በተደበቀች ትንሽ መሣሪያ እርዳታ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ጸጉሯን ወደ ፊት እያበጠሩ፣ «የእግዜር ሥራ ነው፤ ቢሆንም ሰው አይወቅብሽ» ሲሏት ኖረዋል። የሕክምና ላቦራቶሪ በምትማርበት ኮሌጅም ማንም አያውቅባትም። እንዲህ ያለ ምስጢር ይዞ ከአቶ ታፈረ በላይ መኖር ገለባ ተሸክሞ ከምድጃ አጠገብ እንደ መተኛት ነው።

ፍርሃቷ ደግሞ ማስረጃ አላጣም። አንድ ጠዋት አቶ ታፈረ አንዲት ባልቴት ምርኩዛቸውን ይዘው ፌርማታ ላይ ቆመው አዩ። አውቶቡሱ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመው፣ ሾፌሩ ወርዶ ለአካል ጉዳተኞች የተሠራውን መወጣጫ ካልዘረጋ ንቅንቅ እንደማይሉ አስታወቁ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ከኋላ ያሉ መኪኖች ጡሩምባቸውን ነፉ፤ ሾፌሩ እያላበው ዘረጋ። በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱ፣ «ልጄን እየጠበቅሁ ነው እንጂ የትም አልሄድም» አሉ።

«ባይሄዱም መብትዎ ነው!» አሉ ክቡርነታቸው፤ ለሾፌሩም መወጣጫውን እንዲያጥፈው ፈቀዱለት።

የያሪን ነገር ደግሞ አለ። ያሪን ሲናገር አንደበቱ የሚይዘው የሰፈር ልጅ ነው። በአቅራቢያው ባለችው ክርያት ቢያሊክ ከተማ በአንድ ሱቅ ሥራ ሲጠይቅ፣ ናዳቭ የሚባለው ኃላፊ «ደንበኛ አንተን ቆሞ አይጠብቅም» ብሎ መለሰው። አቶ ታፈረ ይህን ሲሰሙ ልጁን ይዘው ሄዱ። ሥራውን መሥራት የሚችል ሰው በጉዳቱ ምክንያት ብቻ ሊባረር እንደማይገባው አስረዱ፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ ግን ንግግሩ ጣማቸውና ስለ ሲጋራ ጭስ፣ ስለ ደረጃ መብራት፣ በመጨረሻም ስለ ውሻ ክትባት የወጣውን ደንብ ሁሉ ጨመሩበት። ናዳቭ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ነገ ይጀምር! ሰውየውን ብቻ ከፊቴ አንሡልኝ!» አለ። ያሪን ዛሬም ይህን ሲተርክ፣ «እኔ አንድ ቃል ሳልጨርስ አባባ ታፈረ አምስት ሕግ ጨረሱ፤ ቤሰደር፣ ይሁን፣ ሥራው ግን ተገኘ» እያለ ይስቃል።

ፍሬህይወት ግን አትስቅም። በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት፣ የእሷ ጆሮ ሲታወጅ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ሹሩባዋን ወደ ፊት ትስባለች።

የፈሩት ይደርሳል። ስለ ደም የሚያስተምረው መምህር ሰሌዳው ላይ እየጻፈ የመናገር ልማድ ነበረው። ፍሬህይወት ግማሹን ትምህርት የምትከታተለው ከንፈር በማንበብ ነውና፣ ጀርባውን በሰጠ ቁጥር በር የተዘጋባት ያህል ከውጭ ትቀር ነበር። የቃል ፈተናውን ወደቀች። የተማሪዎች አስተባባሪዋ ኢዲት ቀርባ እንድታነጋግራት ቀጠሮ ላከችላት፤ ይህን ትምህርት ዳግመኛ ከወደቀች ወደ ተግባር ልምምድ መግባት አትችልም፤ ልምምድ የሌለውም ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል።

ፍሬህይወት እንደ ልማዷ መጻሕፍት ውስጥ ገባች። መስማት የሚቸግረው ተማሪ መምህሩ ማይክሮፎን እንዲያደርግለት፣ ፈተናው እንዲመቻችለት መጠየቅ እንደሚችል አነበበች። ዕብራይስጡ ይህን ማመቻቸት «ሃታሞት» ይለዋል። ደጋግማ አነበበችው፤ ከአቶ ታፈረ ይልቅ በትክክል ታውቀዋለች። ሕጉ መብት እንዳላት ነገራት፤ አፏን እንዴት እንደምትከፍት ግን አልነገራትም። «የማሽን ደወል የማይሰማ ሰው ላቦራቶሪ ምን ይሠራል?» ቢሏትስ? ዝም ብትል በውጤቷ ትባረራለች፤ ብትናገር በጆሮዋ። ሌሊቱን ሁለቱን ስትመዝን አነጋች።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ልጃቸው እህል አልቀምስ ስትላቸው አላስቻላቸውም፤ ምስጢሩንም ቀጠሮውንም ለአቶ ታፈረ ሊነግሩ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረዱ።

ጥቂት ቆይቶ የቤታቸው በር ሲንኳኳ ፍሬህይወት የደረጃው ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው ጩኸት እንደሚከተል ጠብቃ ግድግዳውን ተደገፈች። አቶ ታፈረ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብቻ ብለው ተመለሱ። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት።

በማግሥቱ ክቡርነታቸው ጺማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው ብቅ አሉ። ከኋላቸው ደግሞ አቶ ስሜነህ ተከትለዋል፤ ዕብራይስጥ የማይሰሙ፣ ግን ጺማቸው እጅግ የሚያምር አዛውንት ናቸው።

«አባባ፣ እሳቸው ለምን ይመጣሉ?»

«ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም» አሉ አቶ ታፈረ።

ሽምግልናው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት፤ ነገር ግን ቦርሳዋን አንሥታ ተከተለቻቸው።

በኢዲት ቢሮ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። አቶ ታፈረ አንገታቸውን ደፉ። አላፊ አግዳሚው ስንት የተጣሰ መብት ይዞ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሸሽገው ነበር።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«እንዲህ ያለ በር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ» አሉ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡት፤ ሁለት ጣት የለውም። «ፋብሪካ ሳለሁ ማሽን በላቸው። ጉዳቴን የሚመዝን ኮሚቴ ፊት አቀረቡኝና ሰብሳቢው 'እንዴት ነህ?' አለኝ። ሰው እንዴት ነህ ሲልሽ ምን ትያለሽ? 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ' አልሁታ! ሰው ፊት ቁስል መዘርገፍም ነውር ነውና እጄን በጋቢዬ ሸፈንሁት። እነሱም 'ደህና ነኝ ብሏል' ብለው አሰናበቱኝ። ፋብሪካውም አላስገባኝ፣ ኮሚቴውም መልሶ አልጠራኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጮህ ጀመርሁ። በሰው በር ላይ ነው እንጂ በራሴ በር ላይ ግን አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም።»

በሩ ተከፈተና ተጠሩ። ኢዲት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፈገግ አለች። «ፍሬህይወት፣ እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ እንዴት ነው?»

«ቤሰደር፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለች ፍሬህይወት። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታዝዘው ነው።

አቶ ታፈረ ፊታቸው አመድ መሰለ። ብድግ አሉ። አሁን «ሕግ አለ!» ይላሉ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አደግድገው እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ አቶ ስሜነህም ነገሩ ባይገባቸውም ተከትለው ጎነበሱ።

«እመቤቴ» አሉ አቶ ታፈረ፣ ዕብራይስጣቸው እየተንቀጠቀጠ፤ «እግርዎ ሥር ወድቀናል። ልጅ ናት፣ ይማሩልን። ሁለተኛ አይለምዳትም።»

አቶ ስሜነህ የኢዲትን ጉልበት ለመሳም ጠረጴዛውን መዞር ጀመሩ። ኢዲት ደንግጣ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን አጥፍታ ነው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ለጥፋት ሁሉ ይቅርታ መለመን ያውቃሉ፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን ሊሉት አልቻሉም። ፍሬህይወት ጎንበስ ያለውን ነጭ ጋቢ አየች። ያ አውቶቡስ ያስቆመ፣ ያ ናዳቭን ያስጨነቀ ሰው፣ ስለ እሷ ጆሮ እንደ ሌባ ዘመድ ተጎንብሷል። ብድግ አለች።

«ምንም አላጠፋሁም» አለች። ድምፁ ትንሽ ስለ ነበር ለራሷም አልተሰማት። ደገመችው። «ምንም አላጠፋሁም። አልሰማም። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ አይሰማም፤ ቀኙም በመሣሪያ ነው።» ጸጉሯን ወደ ኋላ መለሰችው። «መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ከንፈሩ አይታየኝም። ማይክሮፎን እንዲያደርግልኝ፣ ፈተናውም በጽሑፍ እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ። ምሕረት አይደለም የምጠይቀው። መብቴን ነው።»

ኢዲት መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገች። መሣሪያውን በትኩረት አየችው። ፍሬህይወት በዚያች ቅጽበት ስትባረር፣ ደረጃውን ስትወርድ፣ እናቷ ፊት ስትቆም ሁሉንም አየችው። ከዚያ ኢዲት ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ወደ ውጭ ሸኘች፤ ሁለቱም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እጅ እየነሡ ወደ ኋላ ወጡ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከንፈር እያነበብሽ ነው የተማርሽው?»

«አዎ።»

«የፈተናውን ነገር እናስተካክላለን፤ ትምህርቱንም እንደ አዲስ እንደ ጀመርሽው ይቆጠርልሻል» አለች ኢዲት ፊቷን አቅንታ፣ ቃሉን እየለየች። «ልምምዱ ቀላል ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሊቃወም ይሞክር ይሆናል። ስላልሰማሽ ብቻ ሊያስቀርሽ አይችልም፤ በድምፅ የሚጠራው ማሽን በመብራት እንዲጠራሽ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የማየት ግዴታ አለበት። ከእርሱና ከመምህሩ ጋር ስብሰባ እጠራለሁ። ብቻሽን መግባት ትችያለሽ፤ አጃቢ ማምጣትም ይፈቀድልሻል። ማንን ልመዝግብ?»

ፍሬህይወት በበሩ መስታወት ወደ ኮሪደሩ አየች። አቶ ስሜነህ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አቶ ታፈረ እግሩን በጄሶ ከታሸገ አንድ ወጣት ጎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ያወሩታል። ድምፃቸው አይሰማትም፤ ከንፈራቸውን ግን ጥርት አድርጋ አነበበችው፤ «ልጄ ናት። ራሷ ተናገረች።»

«እሳቸውን» አለች።

ኢዲት ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «እርግጠኛ ነሽ? በጣም ፈርተው ነበር እኮ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ፍሬህይወት። «እሳቸው ግን ፈርተው የቀሩበት ቀን የለም።»